የሞተር ማረፊያ፤ በካዛንቺስና በቂርቆስ ግቢዎች የተፈጠሩ የመደገፊያ ዘዴዎች ታሪክ

አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ታድሶ እንደገና በመንገድ ላይ ሲታይ ተመልካቹ የሚያደንቀው ቀለሙን፣ የመቀመጫውን ንጽሕናና የሞተሩን ድምፅ ነው። ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ በነበረባቸው ሳምንታት በምን ላይ ዐርፎ፣ በምን ተንጠልጥሎ፣ በማን ትከሻ ተደግፎ እንደ ሰነበተ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው በመኖሪያ ግቢው ሞተር ለማደስ የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የፒስተን ወይም የባልቦላ ጉዳይ ሳይሆን የክብደት ጉዳይ ነው። ከመቶ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ፣ እጀታ የሌለውና በዘይት የራሰ ብረት ከቦታው ተነሥቶ ያለ ሥጋት አንድ ስፍራ ማረፍ አለበት።

በታወቁት ጋራዦች ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ። በግቢ ውስጥ ግን የለም። የሌለውን ለመተካት የአዲስ አበባ የእጅ ባለሙያዎችና የመኪና ባለንብረቶች በየጊዜው የፈጠሯቸው ዘዴዎች በመጽሐፍ አልተጻፉም፤ በትምህርት ቤትም አልተሰጡም። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ እነዚህን ዘዴዎች በተለይ ከካዛንቺስና ከቂርቆስ አካባቢ ታሪክ ጋር አያይዞ ለመመርመር የታሰበ ነው።

ከሰርኪስ ባቡር እስከ ካዛንቺስ

ከባድ ብረትን ያለ ማንሻ መሣሪያ ማንቀሳቀስ ለአዲስ አበባ ከአውቶሞቢል የቀደመ ልምድ ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣውና በሕዝቡ ዘንድ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ እስከ ዋና ከተማው የዘለቀው በብዙ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ ነው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌ አንዲት የወልስሊ አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ፣ የመኪና መንገድ ሳይዘረጋላት፣ አዲስ አበባ አድርሶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ጥቂት ቆይቶም ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ ሌላ አውቶሞቢል ይዞ ገባ። ስለዚህ በኢትዮጵያ ምድር የመኪና ታሪክ የጀመረው መኪና ሰውን በመሸከሙ ብቻ ሳይሆን ሰውም መኪናን በመሸከሙ ጭምር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ የከባድ ዕቃ መግቢያ በር ዛሬ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ አካል የሆነው የለገሃር አካባቢ ሆነ። ትልቁ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃም በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጅቡቲ ወደብ በባቡር የመጣ ማሽን ሁሉ የሚራገፈው በዚሁ ስለ ነበር ማንሻ፣ ሰንሰለት፣ ጎታችና ተሸካሚ በአካባቢው እንግዳ ነገሮች አልነበሩም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ወራሪው ኃይል ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ ይሆኑ ዘንድ ያሠራቸው ቤቶች በኢጣልያንኛ «ካዘ ኢንቺስ» ይባሉ ስለ ነበር ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ካዛንቺስ የሚለውን ስም አወረሱት። ከካዛንቺስ በስተ ደቡብ የሚገኘው ላንቻም ስሙን ያገኘው ከኢጣልያኑ የላንቺያ መኪና እንደ ሆነ ይነገራል። ወራሪው ሲወጣ ያልወጣው ነገር ቢኖር የሙያው ቋንቋ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ባልቦላ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ፓራንኮ የሚሉት ቃላት በጋራዡም በግቢውም ሥር ሰደዱ። የሚያስደንቀው መሣሪያው በሌለበት ቤት እንኳ ስሙ መገኘቱ ነው። ፓራንኮ ያልነበረው መካኒክ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁሞ፣ ገመድ አስሮ፣ የሠራውን ነገር ያለ ማመንታት ፓራንኮ ይለው ነበር።

ከነጻነት በኋላ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ወጣቶችን በሙያ ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የምሕንድስና ኮሌጁ ተከፈተ። በካዛንቺስ ዙሪያም ከተማው በፍጥነት ተለወጠ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የተሠራው ቤተ መንግሥት፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ በዙሪያቸው የተከፈቱት መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች ደመወዝተኛውን ወደ ሰፈሩ ሳቡት። ደመወዝተኛውም ትንንሽ አውቶሞቢሎችን መግዛት ጀመረ። ከእነዚህ ሁለቱ ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ ተወደዱ። አንደኛው «ቮልስ» የተባለው የጀርመኑ ቮልስዋገን ነው። ሁለተኛው በ1947 ዓ.ም. በኢጣልያ ለገበያ የቀረበው፣ በመሐንዲሱ በዳንቴ ጃኮዛ የተነደፈውና በአዲስ አበባ በታክሲነት የታወቀው ፊያት 600፣ በሕዝቡ አጠራር «ሴይቼንቶ» ነው።

ቮልስ በዚህ አካባቢ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ ከመጓጓዣነት ያለፈ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ብዙ የታወቁ የቅንጦት መኪኖች የነበሩት ዙፋን የመጨረሻ ጉዞውን ያደረገው የመንግሥት ጸሓፊና የትምህርት ቤት መምህር በሚነዱት ዓይነት አውቶሞቢል ሆነ።

ሥራው ለምን ወደ ግቢ ገባ?

ሞተር በመኖሪያ ግቢ እንዲታደስ ያስገደዱት ምክንያቶች ከአንድ በላይ ናቸው። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ የማይታሰበው የጊዜ ጉዳይ ነው። አንድ ሞተር ተፈትቶ ለመገጣጠም በራሱ የሚፈጀው ጥቂት ቀናት ቢሆንም መለዋወጫው እስኪገኝ፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ በቶርኖ ቤት እስኪስተካከል፣ ልኩ ከፍ ያለው ፒስተን ከሌላ ከተማ እስኪመጣ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ቦታው ለሌላ መኪና የሚፈለግ ጋራዥ ይህን ያህል ጊዜ የተፈታ ሞተር አያስቀምጥም፤ ቢያስቀምጥም ኪራይ ይጠይቃል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሬ እጥረት መለዋወጫ ዕቃን ይበልጥ ብርቅ አደረገው። አዲስ መኪና መግዛትም ለብዙው ሰው የማይታሰብ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የቤቱን ባለቤትነት ብቻ ሳይሆን የግቢውን አኗኗር ለወጠ። ቀድሞ አንድ ቤተ ሰብ ይኖርበት በነበረው ግቢ ብዙ ቤተ ሰቦች የቀበሌ ቤት ተከራይተው ተጠጋግተው መኖር ጀመሩ። ከዚህም የተነሣ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚታደስ ሞተር የባለቤቱ ብቻ አልነበረም፤ በልብስ ማስጫው ሥር፣ በማድ ቤቱ አጠገብ፣ በሕፃናት መጫወቻ መካከል የሚቀመጥ የጋራ እንግዳ ነበር። ማረፊያው ጠንካራ ሊሆን የሚገባውም ለሞተሩ ብሎ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ የግቢው መካኒክ ችግር ከጋራዡ ይለያል። ጋራዡ የሚፈልገው ለአንድ ሰዓት የሚያነሣ መሣሪያ ነው። ግቢው የሚፈልገው ለአንድ ሰዓት የሚያነሣና ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር የሚያስቀምጥ ዘዴ ነው። እነዚህ ሁለት ተግባራት በአንድ መሣሪያ የሚፈጸሙ መስሎት የተሳሳተ ሰው ብዙ ነው።

የሚወርድ ሞተር

የሴይቼንቶና የቮልስ ሞተር የሚገኘው ከኋላ ነው። ይህ ንድፍ ለግቢው መካኒክ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ሞተሩ ወደ ላይ መሰቀል ሳያስፈልገው ወደ ታች ይወርዳልና።

የቮልስን ሞተር ብንመለከት በአየር የሚቀዘቅዝና አራት ሲሊንደር ያለው ሆኖ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያይዙት ዋና ብሎኖች አራት ብቻ ናቸው። የባትሪው ገመድ፣ የነዳጅ ቱቦው፣ የነዳጅ መስጫው ሽቦ፣ የሙቀት ማስተላለፊያው ሽቦዎችና የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከተለያዩ በኋላ አራቱን ብሎኖች መፍታት በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ጥቂት ተጎትቶ የማርሽ ሳጥኑ ዘንግ ከፍሪሲዮኑ መሐል እስኪወጣ ድረስ ሙሉ ክብደቱ ከታች መደገፍ አለበት። ድጋፉ ቀድሞ ቢለቅ የሞተሩ ክብደት በቀጭኑ ዘንግ ላይ ይንጠለጠልና ዘንጉን ወይም የፍሪሲዮኑን ሸራ ያጣምማል። ጉዳቱም ወዲያውኑ አይታይም፤ ሞተሩ ታድሶ ከተገጠመ በኋላ መኪናው ሲነሣ በመንቀጥቀጥ ይገለጣል።

ለዚህ ሥራ ግቢው የፈጠረው ዘዴ ቀላል ነው። በክሪኩ ራስ ላይ ጣውላ ይደረጋል፤ በጣውላው ላይ የታጠፈ ጆንያ ወይም አሮጌ ጎማ ይነጠፋል፤ ሞተሩም በዚያ ላይ ተደግፎ ቀስ እያለ ይወርዳል። ክሪኩ እስከ መሬት ስለማይደርስ በመካከል ሞተሩ በተደራረቡ እንጨቶች ላይ ያርፍና ክሪኩ ዝቅ ተደርጎ እንደገና ይገባል፤ እንጨቶቹም አንድ በአንድ ይነሣሉ። ይህ አሠራር ደረጃ በደረጃ ማውረድ ነው። በጥንቃቄ ከተሠራ ክብደቱ በማንኛውም ቅጽበት ከአንድ ጣውላ ውፍረት በላይ ሊወድቅ አይችልም።

ሞተሩ መሬት ከነካ በኋላ ሌላ ችግር ይከተላል። ከነማራገቢያ ቤቱ ቁመቱ ትልቅ ስለሆነ ከመኪናው ሥር ተስቦ ለመውጣት የመኪናው ጅራት ከፍ ማለት አለበት። እዚህ ላይ ነው የግቢው ትልቁ ማንሻ የሚመጣው፤ ይኸውም ጎረቤት ነው። ሞተሩ የወጣለት የቮልስ ጅራት እጅግ ቀላል ስለሆነ ጥቂት ብርቱ ሰዎች ከመከላከያ ብረቱ ይዘው አንሥተው መኪናውን ወደ ፊት ሲያስኬዱት ሞተሩ በቦታው ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው ነው። ከኢንጂነሪንግ አንጻር ሲታይም የሰው እጅ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሚዛን ሲዛባ ወዲያው ይሰማዋል፤ ይናገራልም። ጉድለቱ ደግሞ ይደክማል፤ ስለዚህ ሰው ለማንሣት እንጂ ለመደገፍ አይሆንም። ልምድ ያለው መካኒክ ሰዎቹ ከማንሣታቸው በፊት መኪናው የሚያርፍበትን ግንድ አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

የሚሰቀል ሞተር

ፊያት 1100፣ ፔዦ 404፣ በኋላም ላዳ ወደ ግቢው ሲገቡ ጥበቡ መለወጥ ነበረበት። የእነዚህ ሞተር ከፊት ስለሆነ መውጫው ወደ ላይ ነው። ላዳ በ1962 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት መመረት የጀመረችው የኢጣልያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ ስለሆነ የአዲስ አበባ መካኒክ ከሴይቼንቶ ዘመን የወረሰው የኢጣልያ ሙያ ለእርሷም ጠቀመ። የአወጣጡ ዘዴ ግን ከሴይቼንቶ ጋር ተቃራኒ ነበር። በ«ውይይት» ታክሲነቱ የታወቀው የፔዦ 404 ሞተር ደግሞ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያጋደለ በመሆኑ ሰንሰለቱ በመካከል ቢታሰር እንኳ ሲነሣ ይዞራል። የክብደቱን ማዕከል ማግኘት የሚቻለው ጥቂት አንሥቶ፣ አይቶ፣ አውርዶ፣ እንደገና በማሰር ነው።

ለመስቀያ የመጀመሪያው ምርጫ ባሕር ዛፍ ነበር። በምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ የአዲስ አበባን ማገዶና ቤት ችግር እንደ ፈታ ሁሉ የሞተር መስቀያም ሆኗል። ሦስት ግንዶች ራሳቸው ላይ ታስረው እግራቸው ተዘርግቶ ሲቆሙ እንደ ሦስት ጉልቻ ሚዛናቸውን ይጠብቃሉ፤ መሬቱ ያልተስተካከለ ቢሆንም ሦስት እግር አይወላከፍም። የእያንዳንዱ ግንድ ርዝመት 4 ሜትር ሆኖ ከቁም መሥመር 30 ዲግሪ ቢያጋድል የመስቀያው ከፍታ ወደ 3 ሜትር ተኩል፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀትም እንዲሁ ወደ 3 ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህም አንድ ትንሽ አውቶሞቢል በሁለቱ እግሮች መካከል በቀላሉ ለማስገባት ይበቃል።

በዚህ አቋም 150 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ቢሰቀል በእያንዳንዱ ግንድ ላይ የሚወርደው ግፊት 58 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ለባሕር ዛፍ ግንድ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ሊታሰብበት የሚገባው የእያንዳንዱ እግር ወደ ውጭ የመንሸራተት ግፊት ነው፤ እርሱም 29 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። እግሮቹ ይበልጥ ተዘርግተው ማጋደሉ 45 ዲግሪ ቢሆን የመንሸራተቻው ግፊት ወደ 50 ኪሎ ግራም ያድጋል። እንግዲህ የሦስት እግር መስቀያ የሚወድቀው ተሰብሮ ሳይሆን ተንሸራቶ ነው። ይህን ሒሳብ ያላወቁት የግቢ ባለሙያዎች ድምዳሜውን ግን ያውቁት ነበር። በአፈር ግቢ ለእያንዳንዱ እግር ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሦስቱ እግሮች በገመድ ወይም በሰንሰለት ዙሪያቸውን ይታሰራሉ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላም መስቀያውን የሚያንቀሳቅስ አይኖርም፤ መኪናው ወደ ኋላ ይገፋና ሞተሩ በቆመበት ይወርዳል።

ሁለተኛው ዘዴ አንድ ግንድ በሁለት ግድግዳዎች ወይም በሁለት ቋሚዎች ላይ አጋድሞ በመካከሉ መስቀል ነበር። እዚህ ላይ የዓይን ግምት በጣም ያታልላል። በ3 ሜትር ርቀት ላይ የተጋደመና 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ 150 ኪሎ ግራም በመካከሉ ሲሸከም በእንጨቱ ላይ የሚደርሰው ውጥረት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 115 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ግንዱ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን ውጥረቱ ወደ 334 ኪሎ ግራም ይዘላል። ውፍረቱ በሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ያነሰው እንጨት የመሸከም ኃይሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ላይ የእንጨቱ ጉጥ፣ ስንጥቅና የሞተሩ መወዛወዝ ሲጨመር ኅዳጉ ያልቃል። ይልቁንም ግንዱ የሚያርፈው በጭቃ ግድግዳ ላይ ከሆነ ግንዱ ቢችል ግድግዳው አይችልም፤ በአንድ ነጥብ ላይ እንዲህ ያለ ጭነት ይወርድብኛል ብሎ አልተሠራምና።

ሰንሰለቱም የራሱ ሕግ አለው። ከሞተሩ ሁለት ጫፍ ተነሥተው በአንድ መንጠቆ የሚገናኙ ሁለት ሰንሰለቶች ረጃጅም ሆነው ከቁም መሥመር በ30 ዲግሪ ቢያጋድሉ እያንዳንዳቸው 87 ኪሎ ግራም ይሸከማሉ። ቁመት ለመቆጠብ ሲባል አጥረው በ60 ዲግሪ ቢያጋድሉ ግን እያንዳንዱ ሰንሰለት ሙሉውን 150 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ በተጨማሪም የታሰሩበትን ብሎን ወደ ጎን ይጎትታል።

እውነተኛ ፓራንኮ ያለው ሰው በሰፈሩ የተከበረ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዛዊው ዌስተን ስም የታወቀው የሰንሰለት ማንሻ መሠረተ ሐሳቡ ረቂቅ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ያሉ ሁለት መዘውሮች በመጠን ጥቂት ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ባነሰ መጠን ማንሻው ይበረታል። አንዱ 10፣ ሌላው 9 ሴንቲ ሜትር የመዘውር ግማሽ ስፋት ቢኖራቸው ኃይሉ በስሌት 20 እጥፍ ይሆናል። በሰበቃ የሚባክነው ኃይል ግን ከግማሽ በላይ ነው። ይህ ብክነት ጉድለት ቢመስልም የመሣሪያው ትልቁ ጸጋ ነው፤ ሰውየው ሰንሰለቱን ቢለቅ እንኳ ጭነቱ ተመልሶ አይወርድም። በተራ ገመድና በተራ መዘውር የሚሠራ ሰው ይህ ዋስትና የለውም፤ የእጁ መንሸራተት የሞተሩ መውደቅ ነው።

ማረፊያው

ከወረደም ከተሰቀለም በኋላ ሞተሩ የሚቀመጥበት ያስፈልገዋል። ከሁሉ የቀለለውና ከሁሉ የተስፋፋው ማረፊያ አሮጌ ጎማ ነው። መሬት ላይ በተኛ ጎማ መሐል ሞተር ሲቀመጥ ላስቲኩ እንደ ቅርጹ ይቀበለዋል፤ አይንሸራተትም፤ ዘይትም ቢፈስ በጎማው ውስጥ ይጠራቀማል። ሆኖም ከሥሩ የቀጭን ላሜራ የዘይት ገንዳ ያለው ሞተር ክብደቱ በገንዳው ላይ እንዳያርፍ ጎማው የብረቱን ጠርዝ ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ መመረጥ አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው ሞተሩን አድሶ ገንዳውን ያጣምማል፤ የተጣመመው ገንዳም የዘይት መሳቢያውን አፍ ሊዘጋበት ይችላል።

የቮልስ ሞተር ሲፈታ ልዩ ጥያቄ ያቀርባል። አካሉ ከማግኒዝየም ቅይጥ የተሠራና ከላይ እስከ ታች በሁለት ግማሽ የሚከፈል ነው። ሲገጣጠም ግራው ግማሽ በጎኑ ተኝቶ የክራንኩ ዘንግ ከላይ ይገባበታል፤ ቀኝ ግማሹም ወርዶ ይከደንበታል። እንግዲህ ያ ግማሽ አካል ወለል ላይ በቀጥታ ቢቀመጥ የሲሊንደር ብሎኖቹ ክብደቱን ተሸክመው ይጣመማሉ። ለዚህም ወለል የሌለው የእንጨት ሣጥን፣ ወይም ከሞራሌ የተመታ አራት ማዕዘን ክፈፍ፣ አንዳንዴም ሁለት የተደራረቡ ጎማዎች ጥሩ ማረፊያ ሆነዋል፤ ብሎኖቹ በባዶው መካከል ተንጠልጥለው የሚቀሩት በዚህ መንገድ ነው።

ከሁሉ የላቀው የግቢ ፈጠራ ግን የሚሽከረከረው መያዣ ነው። በወፍራም ላሜራ ላይ የማርሽ ሳጥኑ ብሎኖች ልክ ቀዳዳ ይወጣል፤ ላሜራው ከአንድ የውሃ ቱቦ ጋር ይበየዳል፤ ቱቦውም በሚበልጠው ሌላ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በችንካር ይያዛል። በዚህ አኳኋን ሞተሩ በጎኑም በጀርባውም እየዞረ ሊሠራ ይችላል። ከውጭ አገር ከሚመጣው መሣሪያ የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው፤ ግዴታው አንድ ነው። መቶ ኪሎ ግራም ከመያዣው 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲንጠለጠል 30 ኪሎ ግራም ሜትር የመገልበጥ ኃይል ይፈጥራል። ስለዚህ የመቆሚያው እግር ከሞተሩ ሥር አልፎ መዘርጋት አለበት፤ ወይም መቆሚያው ከጠንካራ ጠረጴዛ ጋር መታሰር ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ብቻ ጥበብ ነው አይባልም። አሜሪካኖች በዛፍ ቅርንጫፍ ሞተር ሰቅሎ የሚሠራውን ሰው የዛፍ ጥላ መካኒክ ይሉታል፤ የኩባ ሰዎችም የንግድ ማዕቀቡ ከተጣለ ወዲህ ከዚያ በፊት የገቡትን የአሜሪካ መኪኖች በእንዲህ ዓይነት ብልሃት አቆይተዋል። የቮልስ ምርት በሜክሲኮ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ጨርሶ ሲቆም ከ21 ሚልዮን በላይ ተሠርተው ነበር፤ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚታዩት ቮልሶች የዚህ ታላቅ ቤተ ሰብ አባላት ናቸው። በሕይወት የቆዩትም በፋብሪካቸው ጥራት ብቻ አይደለም።

ብልሃትና ቸልተኝነት

ብልሃትን ማመስገን ተገቢ ቢሆንም ሳይመረምሩ ማመስገን ግን ለሙያ ማኅበር አይገባም። በግቢ ሥራ ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ማንሻው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ማንሻው እንደ መደገፊያ ስለ ተቆጠረ ነው። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይደግፍም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የገባ ሰው ሕይወቱን ለአንዲት የዘይት ማኅተም ላስቲክ አደራ ሰጥቷል።

ከዚህ የከፋው ብሎኬት ነው። ከተማው በሙሉ በብሎኬት ስለሚሠራ በየግቢው ይገኛል፤ ጠንካራም ይመስላል። ይሁን እንጂ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት የተሠራው በሞርታር ተያይዞ በሙሉ ገጹ ጭነት እንዲቀበል ነው። በጎኑ ተኝቶ ወይም በጠባብ ብረት ተነክቶ ከባድ ነገር ሲሸከም ያለ ማስጠንቀቂያ በድንገት ይፈረካከሳል። እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይጮኻል፣ ይጎብጣል፤ ብሎኬት ግን ምልክት አይሰጥም። ዕውቀቱ ቀላል ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ግንድ አይበልጥም። ስለዚህ ይህን አለማወቅ በድህነት የሚመካኝ አይደለም።

በብልሃትና በቸልተኝነት መካከል ያለውን ድንበር ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል። የመጀመሪያው ድጋፍ በዚህች ደቂቃ ቢለቅ ክብደቱ ወዴት ይሄዳል? ደረጃ በደረጃ በእንጨት ላይ የሚያወርደው መካኒክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ ሞተሩ አንድ ጣውላ ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የሦስቱን ግንዶች እግር ያሰረውም መልስ አለው። በብሎኬት ላይ መኪናውን አቁሞ ከሥሩ የተኛው ግን መልስ የለውም። ልዩነቱ የመሣሪያው ዋጋ ወይም የሠራተኛው ዲፕሎማ አይደለም፤ ውድቀቱ አስቀድሞ ታስቦበታል ወይስ አልታሰበበትም የሚለው ነው። በትልልቅ ግድቦችና ድልድዮች ንድፍ ላይ የሚሠራበትም ይኸው መርሕ ነው።

ግቢው ከፈረሰ በኋላ

በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ የቀድሞው ካዛንቺስ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛውረዋል። መንገዱ ሰፍቷል፤ ሰፈሩም ሌላ መልክ ይዟል። የፍርስራሹ ጭነት ሲነሣ ግን የተነሣው ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ አልነበረም። የባሕር ዛፍ ግንድ የሚቆምበት የአፈር ግቢ፣ የመኪናን ጅራት ለማንሣት በአንድ ጥሪ የሚሰበሰብ ጎረቤት፣ ሁለት ወር ሙሉ በማድ ቤት ጥግ የተቀመጠን ሞተር የሚታገሥ የጋራ ኑሮ አብሮ ተበትኗል። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሞተር የሚሰቅልበት ግንድም፣ የሚያሳርፍበት ጥግም የለውም።

መኪናውም እየተለወጠ ነው። ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ የኤክሳይዝ ታክስ የጣለው የ2012 ዓ.ም. አዋጅ፣ ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የተላለፈው ውሳኔ የአሮጌው ሞተር ዘመን ማብቂያ እየተቃረበ መሆኑን ያመለክታሉ። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ የማይተካቸው መሆኑ ቀደም ብለው የገቡትን ቮልሶችና ላዳዎች ማደስን ይበልጥ ተፈላጊ ሊያደርገው ይችላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው አውቶሞቢልም ቢሆን ከክብደት ጥያቄ ነጻ አያወጣም። በብዙዎቹ ላይ የባትሪው ሣጥን ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ የሚገኝ ሲሆን ክብደቱ ከ300 ኪሎ ግራም የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ይኸውም ከቮልስ ሞተር ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። እንደ ቮልስ ሞተር ወደ ታች ይወርዳል፤ እንደ ቮልስ ሞተር ግን በጆንያና በጣውላ አይወርድም፤ ቢጣመም ወይም ቢወድቅ የእሳት አደጋ አለበትና። መሣሪያው ተሟልቶ እስኪቀርብ ድረስ አንድ ቀን አንድ ወጣት መካኒክ በከተማው ዳርቻ ባለ ግቢ ከእንዲህ ያለ ባትሪ ሥር መተኛቱ የማይቀር ነው።

ስለዚህ የሙያ ማኅበሩ አባላት ሊሠሩት የሚችሉት አንድ የተወሰነ ተግባር አለ። በላንቻ፣ በቂርቆስና ከካዛንቺስ ወጥተው በየሰፈሩ በተበተኑ የእጅ ባለሙያዎች ዘንድ ያሉትን መያዣዎች፣ መስቀያዎችና ማረፊያዎች መለካት፣ መሳል፣ የመሸከም ኃይላቸውን አስልቶ በአማርኛ በቀላል መመሪያ መልክ ለተግባረ ዕድ ተማሪዎችና ለሰፈር ጋራዦች ማዳረስ ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሜትር፣ ወረቀትና ለማዳመጥ ፈቃደኛ የሆነ መሐንዲስ ይበቃዋል። ባለሙያዎቹ ዕድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ የሚቸኩል ሥራ ነው።